ሳልጽፈው የቀረ የአስማረ ቃል

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰላም ልትጠይቀኝ መጣች። ሰላም ጠበቃ ናት። እዚሁ ጎንደር ቢሮ ከፍታ የምትይዘው አብዛኛው የመኪና አደጋ ጉዳይ ነው፤ እግሩ የተሰበረ፣ ወገቡ የተቀጨ፣ ባሏን መንገድ የበላባት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ምሳ በልተን ስናበቃ ስልኳን ከሳህኖቹ መሀል አኖረችና፣ «አክስቴ፣ አሁን እኮ የምስክር ቃል እንደ እናንተ ጊዜ በእጅ አይጻፍም፤ ድምፁ ይቀዳል። እስቲ አንድ ነገር በይ» አለችኝ።

«ምን ልበል?» አልኳት።

ሳቀች። መልሳ ስታሰማኝ «ምን ልበል?» የሚለው የራሴ ድምፅ መጣ፤ ከኋላው የጎረቤት ዶሮ፣ የማንኪያ ኳኳታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኔ ሳል።

«ሁሉንም ይይዘዋል ማለት ነው?»

«ሁሉንም። ይኸው ሳልሽን እንኳ አልተወውም።»

ውሃ ላመጣ ነው ብዬ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ቧንቧውን ይዤ ቆምኩ። ሰላም ተከትላኝ መጥታ ዓይኔን አየችና ደነገጠች። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት። ጓዳዬ ውስጥ ሽንኩርት የሚባል ነገር አልነበረም፤ እሷም አላጣችውም፣ ጠበቃ ናት። ግን ውሃውን ራሷ ቀድታ ወጣች። ትዕግሥቷን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ከእኔ ቢሆን ኖሮ እስክናገር ትነዘንዘኝ ነበር።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጎንደር ታይፕ ተምሬ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ መተማ በኩል ካሉት የቆላ ወረዳዎች ባንዱ ሥራ አገኘሁ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቦታው አይደለም። አባቴ «ወባ ትጨርስሻለች» ብሎ አኩርፎ ሳይሸኘኝ ቀረ። እናቴ በሶና አጎበር አስይዛ አሳፈረችኝ። ያኔ መንገዱ ኮረት ነው። ከአይከል ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዬን ጣልኩ፣ ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሸህዲ ስንገባ ቆዳዬንም ባወልቀው ደስ ባለኝ።

ግን ወደድኩት። ደገኛ ቆላን ይፈራል፤ እኔ ወደድኩት። ጠዋት በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል፣ ቀትር ላይ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ገበያው ውስጥ አማርኛና ዐረብኛ ቀላቅለው የሚከራከሩት ነጋዴዎች፣ የሰውን ስም ሳያጣሩ «ግቢ፣ ብዪ» የሚሉት ሴቶች። በሦስተኛው ወር እንደ ሱዳኖቹ «ተማም» ማለት ለመድኩ። ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ እናቴ ደህና ነሽ ወይ ብትለኝ «ተማም!» ብያት አማተበች።

የቆላ ሰው ኑሮው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ታገሠኝ የሚሉት እህል አይደለም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካዘገዩት ቆባው አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል፤ ያ ሁሉ ድካም ለጉንዳን ይቀራል። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደምቢያ ሰው እንደ ጎርፍ ይወርዳል። እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን፤ ማጭድና ፌስታል ይዘው ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ እርሻ ሲያልቅ በጭነት መኪና ታፍሰው ወደ ሌላው ይወሰዳሉ፤ ከከረጢት በላይ እንደ ከረጢት ተጭነው። በዚያ ወቅት መኪና አያርፍም፣ ሹፌር አይተኛም፣ የሚበላሽ ነገር ቢበላሽም «መጀመሪያ ሰሊጡ ይግባ» ይባላል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለ ቁልቁለት አንዱ እንዲህ ያለ መኪና ተገለበጠ። ከላይ የነበሩት ሰዎች ተስፈንጥረው የታጨደ ማሳ ላይ ወደቁና በእግዜር ቸርነት በጭረትና በእጅ ስብራት ተረፉ። ክፉኛ የተጎዳው ጋቢና የነበረው ነው። አስማረ ይባላል፤ የጎጃም ገበሬ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት። ጋቢና የገባውም ወባ ይዞት ስለነበር ሹፌሩ አዝኖለት ነው። የተጨራመተው በር ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቀጠቀጠው። ያየው ሐኪም «ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ ቶሎ ከተሠራለት እግሩ ይተርፋል፤ ከዘገየ ግን ይቆረጣል» ብሎ ነበር። አስማረ ራሱን ትልቅ ሆስፒታል የሚያደርስ አቅም የለውም። እግር የሌለው ገበሬ ደግሞ በሬ አይጠምድም። የክሱ ነገር ይኸው ነው፤ ባለ መኪናው ያሳክመው ወይስ አያሳክመው።

ሹፌሩ ኢድሪስ የሚባል የመተማ ልጅ ነበር፤ ከእኔ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው። አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን አንድ ቄስና አንድ ሼህ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ መጥቶ ከአስማረ እግር ሥር ወደቀ። በአገራችን እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው አልምርም ማለት ከባድ ነው። አስማረ ግን ተጨንቆ አይደለም የማረው፤ «በሉ አንሡለት ድንጋዩን፣ አንገቱ ይሰበራል» ነው ያለው አሉ። ከዚያ ወዲህ ኢድሪስ ጠዋት ጠዋት ፉል ይዞለት ይመጣና ካንድ ሳህን ይበሉ ነበር።

አስማረ መቀመጥ እንኳ ስለማይችል ቃሉን ለመቀበል የሳሉጎቹ ካምፕ ድረስ እኛ ሄድን፤ ዳኛው፣ የባለ መኪናው ጠበቃና እኔ። ዳኛችን ጋሽ ታፈረ ይባላሉ። ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ባለቤታቸው በየሳምንቱ ቤታቸው ጠርተው ያበሉኝ ነበር፤ በአጭሩ በቆላ አባት የሆኑኝ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ወባ ተነሥቶባቸው፣ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ፣ በምንሄድበት ላንድሮቨር ውስጥ ጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ለሌላ ቀን ቢቀጥሩትስ?» አልኳቸው።

«ሌላ ቀን የለም ልጄ። ሰሊጡ አልቋል። ነገ ከነገ ወዲያ እዚህ አንድ ሳሉግ አታገኚም፤ ማን ያስታምመዋል? ይዘውት ይሄዳሉ» አሉ።

ካምፑ ስንደርስ አንድ ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስተኛናቸው። «አንቺው ጠይቂና ጻፊ፤ እኔ እፈርምበታለሁ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወይ ጉድ! ዛሬ ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል። ያን ጊዜ ግን ደረቴ ነው የተነፋው። ታይፒስቷ ልጅ ዳኛ ሆነች በሉኛ!

ጠበቃው ከጎንደር የመጣ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ አፈ ቅቤ ሰው ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲያጫውተኝ መጣ። በፔርሙስ የያዘውን ከርከዴ ከእሱ በፊት ለእኔ ቀዳልኝ። መዝገቤን ገለጥ አድርጎ፣ «የማን ጽሕፈት ነው ይሄ? እንዲህ ያለ እጅ አዲስ አበባም አላየሁ» አለኝ። አቤት ደስ ሲለኝ! ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምስጋና የለም፣ እንደዚያ የምጠላውም የለም።

አስማረ የሳር ዳስ ውስጥ፣ ባዶ የሰሊጥ ከረጢት ተደራርቦ በተነጠፈለት ቦታ ላይ ተኝቷል። ከሲታ ፊት፣ ነጭ ጥርስ። እግሩ በእንጨት ታስሯል፤ አንድ የአገሩ ልጅ በቅጠል ዝንብ ያባርርለታል። ዳሱ ሰሊጥ ሰሊጥና መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ስገባ ሊነሣልኝ ሞከረ። በዚያ እግሩ! «ኖር፣ እቱ» አለኝ። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ «አንቱ» ልለው ይገባ ነበር። መዝገብ የያዘ ሰው እንዲያ አይልም ብዬ «አንተ» አልኩት።

«እንዴት እንደሆነ አስረዳ።»

ሲናገር አይቸኩልም ነበር። «ወባ ይዞኝ ነበር፣ እቱ። ኢድሪስ ‹ላይ ብትወጣ ትወድቃለህ› ብሎ ጋቢና አስገባኝ። ልንነሣ ስንል ባለ መኪናው መጣ። ኢድሪስ ‹ፍሬኑ አይዝም፤ ትናንትም ነግሬዎታለሁ፤ ሳይሠራ አልነዳም› አለው። ባለ መኪናው ‹ካልነዳህ ውረድ፣ ሹፌር አላጣም፤ አንድ ጉዞ ነው የቀረን› አለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁ። ኢድሪስ ቢስሚላህ ብሎ አስነሣ። እኔም አማተብኩ።»

ይህን ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ ጠበቃው፣ «እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ላስቀድም፤ ወደዚህኛው እንመለስበታለን» አለና ወደ አስማረ ጠጋ አለ።

«ሹፌሩን ምረኸዋል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ምሬዋለሁ። ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ።»

«ከልብህ?»

«ታዲያ ምሕረት ሌላ ከየት ይወጣል፣ ጌታዬ?»

«ስለዚህ ጠብ የለህም።»

«ከኢድሪስ ጋር ምን ጠብ አለኝ? እሱን ምሬዋለሁ። ባለ መኪናው ግን ፍሬኑ እንደማይዝ እየተነገረው ነው የጫነን፤ እሱ እግሬን ያሳክምልኝ። ክረምት ሳይገባ በሬ መጥመድ አለብኝ፣ እቱ። በሬዎቼ ለሌላ ሰው አይሄዱም።»

ጠበቃው እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ። «እህቴ፣ ይኼኛው ከጥያቄዬ ውጭ ነው። የጠየቅሁት ስለ ምሕረቱ ነው፤ እሱን ብቻ ጻፊ። መቼም ሥነ ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ።»

አላውቀውም ነበር። እኔ የተማርኩት ታይፕ ነው። ነገር ግን «ታውቂዋለሽ» ሲለኝ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ዞር ብዬ ጋሽ ታፈረን አየሁ፤ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጸሐፊ እጅ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ከእኛ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው ጉዳይ የሚያልቀው በዕርቅ ነበር። ሰዎች ተፈነካክተው ይመጣሉ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃሉ። ለእንዲህ ያለው ሁሉ አንድ የተለመደ መዝጊያ አለን፦ «በሽምግልና ታርቄ ይቅር ስላልኩ ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም።» ያን መዝጊያ ከመጻፌ ብዛት እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ይጽፈዋል። በማሽላ ዱላ ለተመታ ጎረምሳም፣ ፍየሉ ለተነዳበትም፣ ያው አንድ መዝጊያ። ያን ቀንም «ምሬዋለሁ» የሚለውን ስሰማ እጄ ያንኑ ጻፈ። ማርኩት ያለው ኢድሪስን ብቻ እንደሆነ አልጻፈም፤ የባለ መኪናውን ነገር አልጻፈም፤ የፍሬኑንም አልጻፈም። ያንኑ መዝጊያ፣ በዚያ በተመሰገነው ጽሕፈቴ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

«እንመለስበታለን» ወደተባለው ነገር አልተመለስንም። ጠበቃው ሰዓቱን ያያል፣ ጋሽ ታፈረ በእንቅልፋቸው ያቃስታሉ፣ ሙቀቱ ናላ ያዞራል። ያለውን አነበብኩለት። እንዴት ብላችሁ ነው? ዳዊት እንደሚደግም ዲያቆን እያጣደፍኩ። አስማረ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። የፍርድ ቤት አማርኛ ለገበሬ እንደ ግእዝ ነው፤ ይሰማዋል፣ ያከብረዋል፣ አይከራከረውም።

«እንዲያው ሁሉም ገብቷል፣ እቱ?» አለኝ ስጨርስ።

«ገብቷል» አልኩት።

እኔን አምኖ አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ጣቱን ይዤ ወረቀቱ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ጣቱን ማጭድ ቆራርጦት ኖሮ መስመሩ አልወጣ ብሎ ሁለቴ አስደገምኩት። ሲያበቃ ቀለሙን እንዲጠርግበት መሐረቤን ብሰጠው፣ «ኧረ ይቆሽሽብሻል» ብሎ በከረጢቱ ጠረገው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ችሎት ተቀመጠ። ቀርተው ያስታመሙት ሁለት የአገሩ ልጆች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። እነሱ ከላይ ከከረጢቱ ጋር ስለነበሩ ጋቢናው በር ላይ የተባለውን አልሰሙም። ኢድሪስ ደግሞ አልመጣም፤ ወደ ሱዳን ተሻግሯል ተባለ። ፈርቶ ይሁን አስፈራርተውት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንግዲህ ስለ ፍሬኑ የሚናገር ከአስማረ ሌላ አፍ አልቀረም ማለት ነው። የአስማረ አፍ ደግሞ የእኔ ወረቀት ነው።

ጋሽ ታፈረ ድነው፣ ትንሽ ከስተው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መዝገቡን ከፍተው የእኔን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ። «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕሬን አስቀመጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የጻፍኩት ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም ነበር። አስማረ ቃሬዛው ላይ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም። የማርኩት ኢድሪስን ነው። የፍሬኑን ነገር ለጸሐፊዋ ነግሬያታለሁ። እሷ ታውቃለች።»

ጠበቃው ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቃሉ ተነቦለታል፤ አሻራውም አለበት።»

ጋሽ ታፈረ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ወትሮው «ልጄ» አላሉኝም። «ጸሐፊ» አሉኝ፤ «ይህ ቃል ሰውየው እንደተናገረው በትክክል የተጻፈ ነው?»

የችሎቱ ሰው ሁሉ አየኝ። አስማረም አየኝ፤ ኧረ የእሱስ አስተያየት! ልክ የምትመሰክርለት እህቱ ከሩቅ አገር እንደደረሰችለት ሰው ነበር ፊቱ የበራው። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለግብኝ። «አይደለም» ብል ጋሽ ታፈረ ሳያነቡ መፈረማቸው አደባባይ ሊወጣ ነው። እኔ ከሥራ ልባረር ነው። አባቴም «አላልኩሽም?» ሊለኝ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ለአስማረ እግር የተረፈ ሐሳብ አልነበረኝም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ።

መዝገቡ ተዘጋ።

ተሸክመውት ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። «አንዴ ቁሙ» አላቸውና ቃሬዛው ፊቴ ቆመ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። «እቱ፣ የነገርኩሽን አልጻፍሽውም እንዴ?» አለኝ። ሊወቅሰኝ አይደለም፤ ከልቡ ግራ ገብቶት ነው። ወረቀት የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ «እንሂድ በሉ» አላቸው። በነጋታው አንድ የጎንደር አይሱዙ ላይ ጭነውት ወደ አገሩ ሄዱ።

ጋሽ ታፈረ ነገሩን አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እኔም አላነሣሁም። እንደሚያውቁ ግን እጠረጥራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሳያነቡ የፈረሙበት ወረቀት የለም። እኔም ከዚያ ወዲያ የሰውን ቃል አላሳጠርኩም። ምስክር ሲናገር ያለውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ያቃሰተውን፣ ያለቀሰውን፣ የሳለውን ሳይቀር። ባልደረቦቼ «እሷ እኮ ሳልም ትጽፋለች» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ይሣቁ። ለአስማረ የማይረባ ጽድቅ ነው።

በዓመቱ መስከረም ሳሉጎቹ መውረድ ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን ከቢሮ ስወጣ በሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሞ፣ «ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ፊቱን ሳየው ቀልቤ ተገፈፈ። ያው ከሲታ ፊት፣ ያው ነጭ ጥርስ። ይሁኔ ይባላል፤ የአስማረ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድሙ መውረድ ስላልቻለ ዘንድሮ እሱ ወርዷል።

«አስማረ እንዴት ነው?» አልኩት።

«እግዜር ይመስገን፣ አለ። እግሩን ጥር ላይ ቆረጡት። በሬዎቹን የምጠምድለት እኔ ነኝ። እሱ ከማሳው ዳር ቁጭ ብሎ በስማቸው ይጠራቸዋል። እኔ ብገርፋቸው አይሄዱም፤ እሱ ሲጠራቸው ነው የሚሄዱ።» ሊሥቅ ሞከረ፤ አልዘለቀለትም።



«መልእክት ልኮልሻል» አለኝ።

የመጣው እርግማን ነው ብዬ ነበር። ለእርግማኑ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይገባኛል ብዬ ጠብቄው ነበር። «ምን አለ?» አልኩት።

«‹ምሬያታለሁ በላት› ነው ያለኝ። ‹ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ። ግን የነገርኳትን ትጻፈው› ብሏል።»

«መዝገቡ እኮ ተዘግቷል። የይግባኙም ጊዜ አልፏል። ለማን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እኔ አላውቅም፣ እቱ» አለ ይሁኔ። «ትጻፈው ነው ያለኝ።»

የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። «አስማረ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያ ውብ የተባለ እጅ፣ ለውሸቱ እንደ ውሃ የፈሰሰው፣ ለእውነቱ ድርቅ አለ። ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ። ድንጋይ ተሸክሞ ለመጣ ሰው ወዲያው ድንጋዩን ያወርዱለታል። እኔ ሳልሸከም ማሩኝና ይኸው የሚያወርድልኝ አጥቼ ቀረሁ።

ይሁኔ በየዓመቱ ይመጣ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አስማረ ሰላም ብሎሻል» ይለኛል። ጻፍሽው ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በአራተኛው ዓመት ራሱን ተላጭቶ መጣ። የአገራችን ሰው ራሱን የሚላጨው ምን ሲሆን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጠይቀው አላስፈለገኝም። ሰላም ብሎሻል የሚል ቃልም የዚያን ዓመት አልመጣም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እያየን፣ ሁለታችን ቆመን አለቀስን። ከዚያ ወዲያ ይሁኔን አላየሁትም።

ከቆላ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ነው። ጎንደር ተዛውሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁ። መንገዱ አስፋልት ሆነ። ጥቅምት ሲመጣ ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች በአዘዞ በኩል ሲገቡ፣ በታክሲ ውስጥ ብሆንም ሽታው ይደርሰኛል፤ ለሌላው ሰው የሚጣፍጥ ሽታ ነው። ልጆቼ እናታችን ለምን የሰሊጥ ዘይት አትገዛም እያሉ አደጉ። ሆዴን ያመኛል እላቸዋለሁ፤ ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

እሑድ ዕለት ሰላም ከሄደች በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኩ ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነበር የማስበው። ያ ስልክ ያኔ ዳሱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አስማረ ዛሬ በሬውን እየነዳ ያረጅ ነበር። ኋላ ግን ራሴን ታዘብኩት። ስልክ አልነበረም፤ እኔ ግን ነበርኩ፤ ጆሮዬም ነበር። እጄ ዛሬ ይንቀጠቀጣል፣ ጽሕፈቴም የዶሮ ጭረት ሆኗል። ጻፍኩት።

«እኔ አስማረ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልንነሣ ስንል ኢድሪስ ለባለ መኪናው ‹ፍሬኑ አይዝም፤ ሳይሠራ አልነዳም› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለ መኪናው ‹ካልነዳህ ውረድ› ሲለውም ሰምቻለሁ። ኢድሪስን ምሬዋለሁ፤ ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ። ባለ መኪናው ግን ፍሬኑ እንደማይዝ እየተነገረው ነው የጫነን፤ እሱ እግሬን ያሳክምልኝ። ክረምት ሳይገባ በሬ መጥመድ አለብኝ። በሬዎቼ ለሌላ ሰው አይሄዱም።»

ከሥሩ ለአውራ ጣቱ የሚሆን ባዶ ቦታ ተውኩ። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ጮክ ብዬ፣ ሳልቸኩል አነበብኩት። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ስጨርስ ግን «እንዲያው ሁሉም ገብቷል፣ እቱ?» እንደተባልኩ ያህል ቀና አልኩ።

«አዎ፣ አሁን ሁሉም ገብቶልዎታል» አልኩ።